የፊት ጎማ ሞተሩ ከሹካው ወጣ፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁም። ሳይክል ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥማችሁ የምታውቁ ሰዎች እንድትረዱኝ ነው የምጽፈው።

ቤቴ ሽሮሜዳ ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ። ጠዋት አብዛኛው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ፔዳል መምታት ብዙም አያስፈልገኝም። ማታ ግን ከ4 ኪሎ ወዲያ ያለው ዳገት ጉልበቴን ይጨርሰዋል። ከአራት ወር በፊት የፊት ጎማ ሞተር አስገጠምኩ። 36 ቮልት፣ 250 ዋት፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ትንሹ ዓይነት ነው። ከነቸርኬው ተሠርቶ ነው የመጣው። ሳይክሌ ማውንቴን ነው፤ የፊት ሹካው አሞርዛተር ያለውና ከአሉሚኒየም የተሠራ። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጠው ዓይነት ነው።

የገጠመልኝ ባለሙያ የሞተሩ አክስል (የመሃሉ ዘንግ) በሹካው አፍ፣ ማለትም ዘንጉ በሚቀመጥበት ክፍተት፣ አልገባ ሲለው አፉን በግራይንደር አሰፋው። ከዚያ ዳዶውን ጥርቅም አድርጎ አሰረ። አራት ወር ያለ ምንም ችግር ነዳሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ 6 ኪሎን አልፌ ዳገቱን ስያያዘው ከፊት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ መልሶ ኃይል ሲሰጥ መሪው ወደ ግራ ተጎተተብኝ። ቸርኬው ከሹካው ወጣ፣ እኔም ወደቅኩ። ፍጥነቴ የእግረኛ ያህል ስለነበር ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰብኝም። ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ልቤ ይመታል።

ቤት ገብቼ በመብራት ሳየው ከግራው የሹካ አፍ አንደኛው ጣት ተሰብሮ ወድቋል። የሞተሩ ኬብል አክስሉ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ልባሱ ተልጧል፣ መዳቡ ይታያል። አክስሉ የተቀመጠበትን ቦታ በጣቴ ስዳስሰው የአሉሚኒየም ብናኝ እንደ ዱቄት ተከተለኝ።

ዳዶው ላልቶ ነው? ሹካው ደካማ ሆኖ ነው? ወይስ የፊት ሞተር ለእንዲህ ዓይነት ዳገት ጭራሽ አይሆንም?

እስከዚህ ያለው መጀመሪያ የጻፍኩት ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የተሰጡኝ መልሶች ናቸው። ነገሩ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ በየተራቸው አስፍሬያቸዋለሁ።

መልስ 1 እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ብሎ ጀመረና ጥፋቱን ዳዶው ላይ አደረገ። በረጅም መፍቻ ማጥበቅና ከሥሩ ስፕሪንግ ሮንዴላ መጨመር ይበቃል ባይ ነው።

መልስ 2 የጻፈው ባህር ዳር ሳይክል በመጠገን የሚተዳደር ሰው ነው። በትህትና ግን በቁርጥ ተቃወመ። ተራ የሳይክል ጎማ አክስሉን የማዞር ኃይል የለውም፣ ስለዚህ ዳዶው መጭመቅ ብቻ ነው ሥራው። በሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አክስሉ ቆሞ ዙሪያው ያለው ቀፎ ነው የሚዞረው። ሞተሩ ቀፎውን ወደፊት በገፋው ልክ አክስሉን ወደኋላ ይገፋዋል። የአክስሉ ሁለት ጎን ጠፍጣፋ የሆነው ለዚህ ነው፤ ጠፍጣፋው ከሹካው አፍ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይዞር እንዲይዘው። ግድግዳው ከሰፋ አክስሉ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ዳዶውን የቱንም ያህል ብታጠብቀው ቀስ በቀስ ራሱን ይፈታል። ይህን ሳነብ የግራይንደሩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

መልስ 3 አጭር ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ብዙ ያዳነኝም እሱ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሰው ይመስላል። ኬብሉ ሳይታይ ባትሪውን እንዳላገናኝ አሳሰበኝ። በኬብሉ ውስጥ ሦስት ወፍራም ሽቦዎች አሉ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሞተሩን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። አብረዋቸው ያሉት ቀጫጭኖቹ በ5 ቮልት የሚሠሩ የሴንሰር ሽቦዎች ናቸው። ልባሳቸው ተልጦ ወፍራሙ ቀጭኑን ከነካ ሴንሰሩም ኮንትሮለሩም (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ባንድ ጊዜ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ወፍራሞቹ እርስ በርስ መነካካታቸውን የማወቂያ ዘዴም ሰጠኝ። ከኮንትሮለሩ ነቅሎ ቸርኬውን በእጅ ወደኋላ ማዞር። ወደፊት ማዞር ምንም አይነግርም፣ ምክንያቱም ይህ ዓይነት ሞተር ወደፊት ሲዞር ውስጡ ይለቃል። ወደኋላ ሲዞር እንደ ሙጫ የሚይዝ ከሆነ ሽቦዎቹ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሞከርኩት። አልያዘም።

መልስ 4 ሂሳብ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ሞተር ዳገት ላይ 40 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ኃይል ያወጣል። ጠፍጣፋዎቹ በ10 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ ያንን ለ10 ሚሊ ሜትር ሲያካፍለው 4,000 ኒውተን ሆነለት። ወደ አራት ኩንታል መሆኑ ነው።

መልስ 5 ሂሳቡን አረመው። የ10 ሚሊ ሜትሩ ልክ የውፍረቱ ነው እንጂ ኃይሉ የሚሠራበት ርቀት አይደለም። አክስሉ ሊዞር ሲሞክር ግድግዳውን የሚነካው በጠፍጣፋው ሁለት ጫፍ፣ በጥግና በጥግ ነው። አክስሉ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጎኖቹ 10 ላይ ከተቆረጡ የጠፍጣፋው ስፋት 6.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። 40ን ለዚያ ስናካፍል 6,000 ኒውተን፣ ስድስት ኩንታል ገደማ። ሁለቱ የሹካ እግሮች እኩል ከተካፈሉት ለእያንዳንዱ ሦስት ኩንታል ይደርሰዋል። አንዱ ከላላ ግን ሌላው ብቻውን ይሸከመዋል። መልስ 4 ተመልሶ ልክ ነህ አለው፤ ሁለቱ እዚያው ተመሰጋገኑ።

ቁጥሩ አስደንግጦኛል። አፉ የአውራ ጣቴን ጥፍር አያክልም። ስድስት ኩንታል እዚያ ላይ!

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ነገር አታካብዱ ነው መልእክቱ። እሱ አሮጌ ፊኒክስ ሳይክል ላይ የፊት ሞተር ገጥሞ ሦስት ዓመት ነድቷል፣ ምንም አልሆነም። በስልክ ካልኩሌተር ሰው የምታስፈራሩ እናንተ ሳይክል ነድታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎም ጠየቀ።

መልስ 7 ከባህር ዳሩ ሰው ነበር፤ በዚህኛው ትዕግሥቱ አጥሯል። ፊኒክስ ሹካው የብረት መሆኑን አስታወሰና የአንተ አለመሰበር የሱን መሰበር አይሽርም አለ። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይታጠፋል። አፉ ሲከፈት በዓይን ይታያል፣ ጎማው መንገዳገድ ይጀምራል፣ ጊዜ ይሰጣል። በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ግን እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ ነው የሚሄደው። አሞርዛተር ያላቸው ሹካዎች የታችኛው እግር ብዙ ጊዜ እንዲህ የተሠራ ነው። ካርቦን ሹካ ላይ ደግሞ ጨርሶ ሞተር አይታሰርም። ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ እኔም ጆሮ ውስጥ ስላለ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

መልስ 8 ያልጠበቅኩትን ጠየቀ። ሹካውን ሳይሆን ሮንዴላውን አንስቼ እንዳሳይ ፈለገ፤ በተለይ ሹካውን የሚነካውን ፊት። መልስ 9 የኔው ነው። ሮንዴላውን ጠርጌ ፎቶ አነሳሁት። መሃሉ እንደ አዲስ ነው። ጠርዙ ላይ ግን የተፋተገ፣ የሚያበራ፣ እንደ ጨረቃ ግማሽ የሆነ መስመር አለ።

መልስ 10 ምክንያቱን ነገረኝ። የብዙ ፋብሪካ ሹካዎች አፍ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። የተሠራው ተራው ጎማ ዳዶው ቢላላ እንኳ ቶሎ እንዳይወድቅ ነው። የተራው ጎማ ሮንዴላ ትንሽ ስለሆነ ከንፈሩ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይተኛል። የሞተሩ ሮንዴላ ግን ሰፊ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የኔ ዳዶ አራት ወር ሙሉ የጨመቀው ሹካውን ሳይሆን ያንን ቀጭን ጠርዝ ነበር። ጠርዙ ሲደቅ ዳዶው ላላ። ዳዶው ሲላላ አክስሉ በሰፋው አፍ ውስጥ መመላለስ ጀመረ። የቀረውን እኔ አይቼዋለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከንፈሩ ውስጥ ልክ የሚገባ፣ አንድ ጎኑ የተከፈተ ወፍራም ሮንዴላ ከታች አስገብቶ ጉድጓዱን መሙላት፣ ትልቁን ከላዩ ማድረግ።

ከዚህ በኋላ ስለ መሞረድ ረጅም ክርክር ተነሳ። መልስ 11 አፉን ከማስፋት አክስሉን ራሱን ከ10 ወደ 9 ሚሊ ሜትር መሞረድ ይሻላል አለ፤ የተራ ሳይክል የፊት ሹካ አፍ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልክ ይገባል። መልስ 12 ይህ አደገኛ ነው ብሎ ተቆጣ። አክስሉ በአንድ በኩል ኬብሉ የሚያልፍበት ክፍት ነው። እዚያ ላይ ብረት መቀነስ ዳዶው የሚታሰርበትን ጥርስም ማሳሳት ነው። መልስ 13 ለሁለቱም አስታራቂ ሆነ። አፉ የብረት ከሆነ ከየጎኑ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር በእጅ ሞረድ መውሰድ ችግር የለውም። በግራይንደር ግን በፍጹም፤ ግራይንደር ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚባል ነገር አያውቅም። ከሁለቱም ጎን እኩል መወሰድ አለበት፣ ካልሆነ ቸርኬው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የአፉ ጣሪያ ደግሞ አይነካም። በየሁለት ሦስት ምቱ አክስሉን እየለኩ ቆይቶ፣ በመዳፍ መታ ሲደረግ ብቻ የሚገባ ሲሆን ማቆም ነው።

መልስ 14 ካናዳ ከሚኖር ሰው ነው። እስካሁን ዋናውን ነገር ማንም አልጠራውም አለ፤ ቶርክ አርም የሚባለውን የብረት ክንድ። አንዱ ጫፉ የአክስሉን ጠፍጣፋ ይጨብጣል፣ ሌላው ጫፉ ከአፉ ራቅ ብሎ የሹካው እግር ላይ ይታሰራል። ቫንኩቨር ያለው ግሪን ቴክኖሎጂስ ለፊት ሹካ የሚሆኑ ክንዶች ይሠራል፤ ብዙ ሞተሮችም ከነክንዳቸው ነው የሚሸጡት። ከዚያ የመልስ 5ን ስሌት ይዞ ቀጠለ። ክንዱ የታሰረበት ቦታ ከአክስሉ 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ያው 40 ኒውተን ሜትር እዚያ ላይ 400 ኒውተን ብቻ ነው። 40 ኪሎ ማለት ነው። ስድስት ኩንታል የነበረው ወደ 40 ኪሎ ወረደ። ይህንን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የሞተሬን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ገለበጥኩት። ክንዱ በላስቲክ እንደታሸገ እዚያው ነበር። ያ ባለሙያ ትርፍ ዕቃ ነው ብሎ የመለሰልኝ እሱን ነው።

መልስ 15 ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ ወደ ባትሪው ኃይል ስለሚመልስ አክስሉ ወዲህና ወዲያ ይገፋል፣ ዳዶው የላላው በዚህ ነው አለ። መልስ 16 ጥያቄውን እንኳ አላነበብክም ብሎ ጮኸበት። የኔው ውስጡ ጥርስ ያለው ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ውስጡ ስለሚለቅ ኃይል አይመልስም። ያ ነገር የሚመለከተው ጥርስ የሌላቸውን ትልልቆቹን ሞተሮች ነው፣ እነሱም በሁለቱም ጎን ክንድ ይፈልጋሉ። እውቀቱ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ከረረብኝ። መልስ 15 ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፣ ያሳዝናል፤ ትልቁን ሞተር ለገጠመ ሰው ያነሳው ነጥብ ቁም ነገር ነበረው።

ከመልስ 17 እስከ 20 ያለው ከርዕሱ ወጣ። አንዱ ቴል አቪቭ ሆኖ የእስራኤልን ሕግ አነሳ፦ 250 ዋት፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜ 16 እና ከዚያ በላይ። ሌላው ኒው ዮርክ በሳይክል ምግብ የሚያደርስ ነው። ከተማው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2023 የደህንነት ፈተና ያላለፉ ባትሪዎች እንዳይሸጡ መከልከሉን ጽፎ፣ ሌሊት መውጫ በር አጠገብ ባትሪ ቻርጅ እንዳላደርግ ለመነኝ። እሳት ቢነሳ የምትወጣበት በር እሱ ነው አለኝ። የኔ ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት ላይ ይቆማል፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን ቀን፣ ዓይኔ እያየ ነው የምሞላው። ከዚያ ሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ስላለው ነገር ጀመረ። ስለ ነዳጅ ሰልፍ አንድ ሁለት ሲባባሉ መልስ 20 ሰዎች፣ ልጁ ከሳይክል ወድቋል እኮ ብሎ መለሳቸው።

መልስ 21 ወደ ሦስተኛው ጥያቄዬ ገባ፦ ፊት ወይስ ኋላ? እኔና ሳይክሉ አንድ ላይ 100 ኪሎ ብንሆን፣ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ቢወጣ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 245 ዋት ያስፈልጋል። ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን እዚያ ላይ ያወጣል ማለት ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት ወደኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማ ይቀልላል፣ በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ባዶውን ይሽከረከራል። ለሽሮሜዳ የኋላ ሞተር ነው የሚሻለው ብሎ ደመደመ። መልስ 22 ባትሪውም ሞተሩም ኋላ ሲሆን ሳይክሉ አናቱ ይነሳል፣ ደረጃ ላይ ተሸክሞ ማውጣትም መከራ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ሌላ ሞተር የምገዛበት ገንዘብ ስለሌለኝ ፊት ላይ ቆየሁ፤ ኮብልስቶኑን ደግሞ ወርጄ እየገፋሁ ነው የማልፈው።

መልስ 23 የመልስ 6ን ፊኒክስ ሹካ አውልቄ እንድጠቀም መከረ። መልስ 24 አይገባም አለ። የአሮጌው ፊኒክስ ሹካ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ባለ አንድ ኢንች፣ 25.4 ሚሊ ሜትር፤ ላዩም ጥርስ አለው። የኔ ማውንቴን የሚፈልገው 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሹካ ልገዛ ስሄድ ሦስት ነገር እንድለካ ነገረኝ፦ የአንገቱን ውፍረት፣ በሁለቱ አፎች መካከል ያለውን 100 ሚሊ ሜትር ክፍተትና የፍሬኑን መያዣ።

መልስ 25 የኔ ነው፣ ከአሥር ቀን በኋላ። መርካቶ ዞሬ ያገለገለ፣ አሞርዛተር የሌለው የብረት ሹካ አገኘሁ። ከአሮጌው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። መሪው ስለወረደ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። አፉን በእጅ ሞረድ ሠራሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ አክስሉ በመዳፌ መታ ሳደርገው ጠቅ ብሎ ገባ። ሮንዴላውን ገልብጬ አየሁት፣ ሙሉ ፊቱ ተኝቷል። ክንዱን በቀኝ አሰርኩ፣ ለግራው ደግሞ አንድ በያጅ ከ6 ሚሊ ሜትር ብረት ቆርጦ ሠራልኝ። ኬብሉ ተቀየረ። አወጣጡን ወደታች አድርጌ፣ ወደላይ ከመመለሱ በፊት እንዲንጠለጠል ተውኩት፤ የዝናብ ውሃ ተከትሎት አክስሉ ውስጥ እንዳይገባ መልስ 3 በኋላ ጨምሮ የነገረኝ ነው።

መልስ 26 ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን መልሼ እንዳጠብቅ አሳሰበ። አንድ ዘዴም አሳየኝ። ዳዶውን፣ ሮንዴላውንና ሹካውን የሚያቋርጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጥፍር ቀለም ማስመር። ዳዶው ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ መፍቻ ሳያስፈልግ በዓይን ይታያል። የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ተበድሬ በሁለቱም በኩል አሰመርኩ።

መልስ 27 ከመልስ 6፣ ከፊኒክሱ ባለቤት ነበር። ቁጣ የለበትም። ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ የራሱን ዳዶ ፈትቶ አይቷል። የግራው አፍ ትንሽ ተከፍቷል። ክንዱን ከየት እንዳሠራሁ ጠየቀኝ፤ የበያጁን ሰፈር ጻፍኩለት።

መልስ 28 ከሐዋሳ ነው፣ ትናንት ማታ የመጣ። መስመሩ አሁን እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ስልኬን ይዤ ወደ ደረጃው ሥር ወረድኩና አበራሁበት። ከገጠምኩ 23 ቀን ሆኖኛል፣ 6 ኪሎን ከ30 ጊዜ በላይ ወጥቼዋለሁ። በቀኝም በግራም ቀዩ መስመር ቀጥ እንዳለ ነው።